ጥሪና ግዳይ

ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው ሀብት ሁሉ በእጅ የሚጨበጥ፣ በውል ላይ የሚሰፍር አይደለም። መሬት ይወረሳል፤ ቤት ይወረሳል፤ ስምም ይወረሳል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጠልቆ የሚቀረው ግን ወላጅ ሳይናገር፣ አንዳንድ ጊዜም ሳያስበው፣ በአኳኋኑ ብቻ የሚያስተላልፈው ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው በሌላው ሕይወት ፊት እንዴት መቆም እንዳለበት ነው። ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። ወላጅ ልጁን ግድያ ሲያስተምር በእርግጥ የሚያስተምረው ምንድን ነው?

ጥያቄው ብቻውን ሲነሣ ረቂቅ ስለሚሆን በአንድ ተጨባጭ ልማድ ላይ አሳርፎ መመርመር ይበጃል። ለዚህም በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሚያዝያና በግንቦት፣ የዚያ አገር ክረምት አልፎ ዛፍ ሁሉ ሲያቆጠቁጥ የሚደረገው የተርኪ አደን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ተርኪ ከዶሮ ወገን የሆነ ትልቅ የዱር ወፍ ነው። አደኑም ሥጋ የማግኘት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ አይታይም። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ አባት ወይም እናት ልጅን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው መንደር አርቀው ወደ ጫካ የሚወስዱበት፣ ልጅነትን ከጉልምስና የሚያሸጋግር ሥርዓት ሆኖ ኖሯል።

ትዕይንቱን እንዲህ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ቦታው በሚዙሪና በአርካንሶ ግዛቶች የተዘረጋው የኦዛርክ ደጋማ አገር ነው። ኮረብታው ኦክና ሂከሪ በሚባሉ ዛፎች ተሸፍኗል፤ ሸለቆውን የምንጭ ውሃ ይሰነጥቀዋል፤ ከአንዱ ቤት ደጃፍ እስከ ሌላው ረጅም መንገድ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንድ አባት የ12 ዓመት ሴት ልጁን ይቀሰቅሳል። ቅጠል የመሰለ ዝንጉርጉር ልብስ ለብሰው፣ መብራት ሳያበሩ፣ ጤዛ እየረገጡ ይወጣሉ። ከትከሻ የሚሰፋ ግንድ ፈልገው ጀርባቸውን ያስደግፋሉ፤ ከኋላ የሚመጣ ሌላ አዳኝ በስሕተት ቢተኩስ ግንዱ ጋሻ ይሆናቸዋል። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያለበት ልብስ አይለብሱም፤ አውራው ተርኪ በዚህ ወራት ራሱና አንገቱ እነዚህኑ ቀለማት ስለሚይዝ፣ ቀለሙን ያየ ሰው ሰውን ወፍ መስሎት ሊመታ ይችላል። ረሹን የያዘችው ልጅቷ ናት። በአባትየው እጅ ያለው የወፍ መጥሪያ ብቻ ነው።

ስለ ወፉ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ተርኪ አገሩ አሜሪካ ቢሆንም ስሙ ግን በየቋንቋው የባዕድ ነው። ስፔናውያን ሜክሲኮ ከመድረሳቸው ከብዙ ምዕተ ዓመታት በፊት የዚያ አገር ሕዝቦች ወፉን አላምደው ያረቡት ነበር። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ሲሻገር እንግሊዞች ከቱርክ አገር የመጣ መስሏቸው በቱርክ ስም ጠሩት፤ ፈረንሳዮች የሕንድ ነው አሉ፤ ቱርኮችም በበኩላቸው የሕንድ ነው አሉ፤ ግብጾች ደግሞ የሩም ዶሮ አሉት። አማርኛም ስሙን ከእንግሊዝኛ ተውሶ ተርኪ ይለዋል። ሁሉም የሌላ አገር ሲያደርገው፣ ወፉን ለዓለም ያበረከቱት ሕዝቦች ስም ከመካከል ጠፍቶ ቀረ።

የዱሩ ተርኪ የማሽተት ችሎታው ደካማ ነው፤ ዓይኑ ግን እጅግ ስል ነው፤ ቀለም ይለያል፤ ከጎንና ከጎኑ ሰፊ አድማስ ይቃኛል፤ ጥቂት ንቅናቄ ካየ ይሰወራል። አማርኛ ንቁና ተጠራጣሪ የሆነውን ሰው ቆቅ ነው እንደሚለው ሁሉ፣ የአሜሪካ አዳኝም የንቃት ምሳሌ ሲያነሣ ተርኪን ይጠቅሳል። ሌሊቱን ዛፍ ላይ ያድራል። ጎሕ ሲቀድ አውራው ገና ከቆጡ ሳይወርድ ሸለቆ የሚያስተጋባ ጥሪ ያሰማል። እንስቶቹ ድምፁን ተከትለው ወደ እርሱ ይሄዳሉ። እርሱም ክንፉን ጥሎ፣ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። የተፈጥሮ ሥርዓቱ ይህ ነው፤ አውራው ይጠራል፤ እንስቷ ትሄዳለች።

አዳኙ ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል። ከቀጭን እንጨት የተሠራች ሣጥን ክዳኗን እየፋቀ፣ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ በእንጨት ጫፍ እየቧጠጠ፣ ወይም ከላንቃው ሥር ባደረገው ስስ ሽፋን እየነፋ የእንስቷን ድምፅ ያወጣል። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከራሱ ከወፉ የክንፍ አጥንት የተሠራ መጥሪያ ነበራቸው። ጥሪው ከሠመረ አውራው ከልማዱ ወጥቶ፣ ትመጣለች ሲላት ወዳልመጣችው እንስት ራሱ መራመድ ይጀምራል። በጥርጣሬና በፍላጎት መካከል እየቆመ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየተጠጋ፣ ከ40 ሜትር የማይበልጥ ርቀት ውስጥ ሲገባ ይመታል። ስለዚህ ይህ አደን ወፉን በምግቡ ወይም በእንቅልፉ አይፈትነውም፤ የሚፈትነው ሕይወትን ለመቀጠል በሚሻበት በዚያው ፍላጎቱ ነው። የሥነ ምግባሩም ጥያቄ ከዚህ ላይ ይከብዳል።

ለጥያቄው ሁለት ፈጣን መልሶች አሉ። የመጀመሪያው ነገሩን ከሥሩ ያወግዛል። እንግሊዛዊው ቤንታም በ1789 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ባሳተመው ሥራው ስለ እንስሳት መጠየቅ ያለበት ማሰባቸው ወይም መናገራቸው ሳይሆን መሠቃየታቸው እንደ ሆነ አስገንዝቧል። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ፣ ጓዳው ሙሉ የሆነ ሰው ለደስታው ሲል ወፍ ማሠቃየቱ፣ ይባስ ብሎም ልጁን የዚህ ተካፋይ ማድረጉ፣ ምን ምክንያት ይገኝለታል? ካንትም ለእንስሳት በቀጥታ ግዴታ አለብን ባይልም፣ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው ልቡ በሰውም ላይ እንደሚደነድን አስተምሯል። ይህ ትምህርት በተለይ ልጅን ይመለከታል፤ የልጅ ልብ ገና እርጥብ ጭቃ ነውና።

ሁለተኛው መልስ የልማድ መልስ ነው። አባቴ አስተምሮኛል፤ እኔም ልጄን አስተምራለሁ ይላል። ጫካውን፣ ትዕግሥቱን፣ የጎሕን ጸጥታ፣ የአባትንና የልጅን አብሮ መቀመጥ ያወድሳል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። በዓመት ውስጥ ሌላ ጊዜ የማይነጋገሩ አባትና ልጅ በዚያ ግንድ ሥር ሦስት ሰዓት ሳይነጋገሩ ተቀምጠው ብዙ ነገር ይግባባሉ። ነገር ግን የልማዱ መልስ አንድ ነገር ይዘላል። አብሮ መቀመጡ መልካም መሆኑ ጥይቱን መልካም አያደርገውም። ጸጥታውን ለማግኘት ወፉ መሞት ካላስፈለገው፣ ሞቱ በጸጥታው ውበት ሊሸፈን አይገባም።

ሁለቱም መልሶች ነገሩን በአንድ አባትና በአንዲት ልጅ መካከል ብቻ እንዳለ አድርገው ያዩታል። አደን ግን ከሁሉ አስቀድሞ ማኅበራዊ ታሪክ አለው። ኦዛርክ ሩቅ አገር ነው ሲባል ከማን የራቀ ነው ብሎ መጠየቅ ያሻል። ይህ ምድር ለኦሴጅ ሕዝብ ሩቅ አልነበረም፤ የአደን ምድሩ ነበር። በ1808 እና በ1825 በተጻፉ ውሎች ሰፊ መሬቱን ተነጥቆ ወደ ምዕራብ ተገፋ። ዛሬ ሰው የማይደርስበት እየተባለ የሚደነቀው ጸጥታ ከፊሉ የተፈናቀሉ ሰዎች ጸጥታ ነው።

ከዚያም በኋላ የመጣው የገበያ አዳኝ ነው። የ19ኛው ምዕተ ዓመት የአሜሪካ ከተሞች በምድር ባቡር የሚመጣላቸውን የዱር ሥጋ በገፍ ይገዙ ነበር። ደኑ ለእንጨት ተመነጠረ፤ ወፉ ለትርፍ ተጨፈጨፈ። ሰማይን ያለብስ ነበር የሚባለው የተጓዥ እርግብ ዘር በዚሁ መንገድ ጠፍቶ የመጨረሻዋ በ1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ሞተች። ተርኪም ወደዚያው ያመራ ነበር። ሚዙሪ በ1937 የተርኪን አደን ፈጽማ ለመዝጋት ተገደደች። እንግዲህ ዘሩን ለጥፋት ያደረሰው የአንድ ክፉ አባት ወይም የአንድ ጨካኝ ልጅ ጥይት አልነበረም፤ ሕይወትን በሚዛንና በዋጋ ብቻ የሚያውቅ ሥርዓት ነበር።

መዳኑም የአንድ ሰው ደግነት ውጤት አልሆነም። በ1900 በሕገ ወጥ መንገድ የታደነ እንስሳ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ1937 ከአደን መሣሪያና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰብ ቀረጥ ለዱር እንስሳት መልሶ ማቋቋሚያ እንዲውል ተደነገገ። መጀመሪያ በረት ውስጥ የተፈለፈሉ ተርኪዎችን ወደ ጫካ መልቀቅ ተሞከረ፤ ሙከራው ከሸፈ። እናት ያላስተማረችው ጫጩት ከጠላት መሸሽን አያውቅምና። በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ በባሩድ ኃይል የሚተኮስ መረብ የዱሩን ወፍ በሕይወት ለመያዝ ዋለ። የተያዘውም ወፍ ዘሩ ወደ ጠፋበት ኮረብታ ተወስዶ ተለቀቀ። ሚዙሪ በ1960 በ14 ወረዳዎች ብቻ የጸደይ አደን ስትፈቅድ በአዳኞች የተገደለው 94 ወፍ ነበር። ዛሬ በመላ አሜሪካ የዱር ተርኪ በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ምንም እንኳ በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ ግዛቶች ቁጥሩ እንደገና ማሽቆልቆሉ ቢያሳስብም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ትምህርት የሚሆን ነገር አለ። ከበረት የወጣው ጫጩት የጠፋው ወላጁ ስላላስተማረው ነው። ለወፍ እንዲህ ከሆነ ለሰው ምን ያህል ይበልጥ! የጸደይ አደን ሕግም ራሱ የማስተማሪያ ቃል ነው። አንድ አውራ ብዙ እንስቶችን ስለሚያጠቃ የሚፈቀደው በአብዛኛው አውራውን መግደል ነው። እንስቷ መሬት ላይ ጎጆ ሠርታ አሥርና አሥራ ሁለት ያህል እንቁላል ጥላ ለ28 ቀናት ትታቀፋለችና በአብዛኛው አትነካም። የወቅቱ ቀን ተቆጥሯል፤ የወፉ ቁጥር ተወስኗል። በብዙ ግዛቶች ከዋናው ወቅት አስቀድሞ ለልጆች የተለዩ ቀናት አሉ። በእነዚህ ቀናት አዋቂው ከልጁ ጎን ይቀመጣል እንጂ አይተኩስም። ሕጉ በአጭሩ ያወቀው፣ ችሎታ ያለው እጁን ሲሰበስብ ካላየ በስተቀር ልጅ መታቀብን እንደማይማር ነው።

የአደን ነገር ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በብዙ አካባቢ ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው በጌጥና በፉከራ ሲከበር፣ ግዳዩ በዘፈን ሲነሣለት ኖሯል። የአባት ግዳይ ለልጅ ኩራትም ዕዳም ነበር፤ ያላደነ ወንድ በአደባባይ አንገቱን ይደፋ ነበር። ይህ ክብር ጦርና ጋሻ በነበረ ጊዜ የድፍረት መለኪያ ነበር ሊባል ይችላል። ከሩቅ የሚገድል ጠመንጃ ከተስፋፋ በኋላ ግን መለኪያው ሳይለወጥ መሣሪያው ተለወጠ፤ ጀግንነቱ ቀርቶ ቁጥሩ ብቻ ቀረ። በ1944 ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ወጣ። በ1969 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ። ከዚህች ምድር በቀር በየትም የማይኖረው ዋልያ ቁጥሩ ተመናምኖ፣ ፓርኩ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከመዝገቡ የወጣውም በ2017 ነው። በእነዚያ ገደሎች አጠገብ የሚኖር አባት ዛሬ ለልጁ የሚያወርሰው ክብር ዋልያ መግደልን ሳይሆን ዋልያ ማስቀረትን ቢሆን፣ ከአያቱ የሚያንስ ጀግና ነው የሚለው ማን ነው?

ይሁን እንጂ ግድያን ሁሉ ከልጅ ዓይን መሰወርም መልስ አይሆንም። የኢትዮጵያ ልጅ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ለበዓል የተገዛው በግ ሦስት ቀን ግቢ ውስጥ ይታሰራል። ልጁ ሣር ያበላዋል፤ ስም ያወጣለታል። በበዓሉ ዕለት አባት ቢላዋውን ስሎ ይመጣል። ልጁ ያለቅሳል፤ ማታም ይበላል። በዚያ ለቅሶና በዚያ እራት መካከል ያለው ሐፍረት መሰል ስሜት ከብዙ ስብከት የሚበልጥ የሥነ ምግባር ትምህርት ነው። ሥጋ በወረቀት ተጠቅልሎ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ግን እጁ ንጹሕ ይመስለዋል። እጁ ንጹሕ የሆነው ግን ሌላ ሰው፣ ብዙ ጊዜም በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠራ ሰው፣ በእርሱ ፈንታ ስለተጨማለቀለት ነው። የሰው ድካም ከዓይን ሲሰወር ብዝበዛ እንደሚቀል ሁሉ፣ የእንስሳ ሞት ከዓይን ሲሰወርም ጭካኔ ይቀላል። ስለዚህ ሞትን አይቶ፣ ዋጋውን አውቆ መብላት፣ ሳያዩ ከመብላት ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ ነው።

እዚህ ላይ ግን የአደኑ ልዩ ችግር ይመለሳል፤ ይኸውም ጥሪው ነው። በጉ አልተታለለም፤ ተይዞ መጣ። አውራው ተርኪ ግን ተጠርቶ መጣ። አባትየው በዚያ ማለዳ ተዋናይ ነው፤ ያልሆነውን ይሆናል፤ የሌለውን ድምፅ ያወጣል። ሙያው የሚደነቅ ነው፤ ድምፅን፣ ዕረፍትን፣ ዝምታን ሁሉ መዝኖ ይጠቀማል። ብዙ ከጠራ ወፉ ይጠረጥራል፤ ጥቂት ከጠራ ይረሳል። የመድረክ ሰውና ባለቅኔ ይህን ሙያ ሲሰሙ የራሳቸውን ሙያ ያውቁበታል። ኪነ ጥበብም መጥሪያ ነው፤ ሰውን ከቆጡ ያወርዳል፤ ከልማዱ ያስወጣዋል፤ ወዳልነበረበት ያራምደዋል። የቅስቀሳ ቃልም እንዲሁ ነው፤ የመምህርም ቃል እንዲሁ ነው። በዚህ ምክንያት ጣፋጭ ድምፅ ያለው ሁሉ ከድምፁ ጥራት በፊት ሊጠየቅበት የሚገባ ነገር አለ። የተጠራው ሲደርስ ምን ይጠብቀዋል? ወጣቱን በሚያምር ቃል ጠርቶ በደረሰ ጊዜ ከግንዱ ሥር አፈ ሙዝ ያቆየለት ጠሪ፣ ጥሪው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከኃላፊነት አያመልጥም። የጥሪ ውበት ለጠሪው ምስክር አይሆነውም፤ ምስክር የሚሆነው የተጠራው ዕጣ ነው።

እንግዲህ ወደ ግንዱ ሥር መመለስ ይገባል። ፀሐይ ወጥታለች። አባትየው ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዝም ብሏል። አውራው ከጉብታው ማዶ መለሰ፤ ቀረበ፤ ቆመ። ቀይ ራሱ ከቅጠሉ በላይ ብቅ አለ። የልጅቷ ልብ ምት ለአባቷ የሚሰማ ያህል ሆኗል። ወፉ ጅራቱን ዘረጋ፤ ላባው በጎሕ ብርሃን እንደ ነሐስ አብረቀረቀ። ርቀቱ 30 ሜትር ነው። አሁን የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው።

ብትተኩስና ብትመታ፣ የአባትየው ትምህርት ገና መጀመሩ ነው። እልልታና ጭብጨባ ያስቀደመ አባት ልጁን ገዳይ አደረጋት እንጂ አላስተማራትም። እጇን ይዞ ወደ ወፉ ወስዶ፣ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀውን ላባ አስነክቶ፣ ዝም ብሎ ጥቂት ቢቆም፣ ቀጥሎም ወፉን ራሷ ተሸክማ ኮረብታውን እንድትወጣ፣ ቤትም ሲደርሱ አጥባና በልታ እንድትጨርስ ቢያደርግ፣ ያን ጊዜ ያደረገችውን ነገር ክብደት በትከሻዋ ታውቀዋለች። ካለቀሰችም ለቅሶዋን በቀልድ አያስቁመው። ያ ለቅሶ ትምህርቱ እንደ ገባት ማረጋገጫ ነው።

ባትተኩስስ? አፈ ሙዙን ቀስ አድርጋ ዝቅ ብታደርግ፣ ወፉም ንቅናቄውን አይቶ ወደ ጫካው ቢሰወር? የአባትየው እውነተኛ ፈተና ይህ ነው። ለሦስት ሳምንት አሰልጥኗታል፤ ሌሊቱን ተነሥቷል፤ ጥሪው ሠምሯል። አያቷ በዚህ ሸለቆ አድኗል። ፈራሽ ቢላት፣ ወይም ሳይናገር በፊቱ ቢያሳፍራት፣ እስከዚያች ሰዓት ስለ መታቀብ ያስተማራት ሁሉ ሐሰት መሆኑን በራሱ አንደበት መሰከረ ማለት ነው። እርሱ የሕጉን ወሰን አክብሮ እንስቷን ሲምር መታቀብ በጎ ሆኖ፣ ልጁ የራሷን ወሰን አግኝታ አውራውን ስትምር ድክመት ሊሆን አይችልም። መተኮስን ብቻ የሚያወርስ ወላጅ ልማድ ያወርሳል። የመተኮስንና ያለመተኮስን ምርጫ የሚያወርስ ወላጅ ግን ኅሊናን ያወርሳል። ወራሹ እምቢ ሊለው የማይችለው ውርስ ሀብት መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ይሆናል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ አደንን በጅምላ አይኮንንም፤ በጅምላም አያጸድቅም። ዘር እስኪጠፋ የሚገድል ገበያን፣ ቁጥር የሚቆጥር ፉከራን፣ ሞትን ሰውሮ የሚያበላ ምቾትን ሦስቱንም ይቃወማል። ልጅን ወደ ጫካ የሚወስድ ወላጅ ከጠመንጃው አስቀድሞ ሊያዘጋጅ የሚገባው ለሁለቱም መልስ የሚበቃ ልብ ነው። ልጅቷ ስትተኩስ ከሐዘኗ ጋር የሚቆም፣ ሳትተኩስ ስትቀር ከምርጫዋ ጋር የሚቆም ልብ።

አባትየው መጥሪያዋን ሣጥን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ረሹን ከልጁ ተቀብሎ ጥይቱን ያወጣል። ከጉብታው ማዶ አውራው እንደገና ይጣራል፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚመልስለት ሰው የለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው እስኪያበቃ ያዳምጡታል፤ ከዚያም ወደ ቤታቸው ይወርዳሉ።